የአብሮነት ኮሚቴና የማኅሌት አራስ ጎጆ

ወላይታ ሶዶ ያለችው የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ትንሽ ናት። ምእመናኑ ሁለት ሚኒባስ ቢሳፈሩ ወንበር ይተርፋቸዋል። ከጎንደር በሥራ ዝውውር የመጡ አሉ፣ ንግድ ያመጣቸው አሉ፣ አግብተው የቀሩም አሉ። ኮሚቴያቸው ግን አንድ ክልል ያስተዳድራል ቢሏችሁ ታምናላችሁ። "የአብሮነት ኮሚቴ" ይባላል። ሥራው የአባላትን ደስታና ሐዘን መካፈል ነው። ሲመረቅ ይካፈላል፣ ሲዳር ይካፈላል፣ ሲሞትም ይካፈላል። ደግ ሐሳብ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ችግሩ፣ መካፈል ሲባል ለባለቤቱም ትንሽ ይተውለታል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም።

ቢኒ የሚባለው ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ዕለት ኮሚቴው ከነባነሩ ግቢውን አጥለቀለቀው። ፎቶው እስከ ዛሬ ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ኮሚቴው በሙሉ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል፣ ከኋላ በኩል የቢኒ ቆብ ጫፏ ትታያለች። ጋሽ በድሉ ወንድማቸው የሞተ ጊዜ ደግሞ አጽናኙ በፈረቃ እየገባ እየወጣ፣ እየመከረ እየገሠጸ መፈናፈኛ ቢያሳጣቸው፣ አንድ ቀን ሹልክ ብለው በሚኒባስ ሻንቶ ከተማ ድረስ ሄዱ። እዚያ ማንም በማያውቃቸው ምግብ ቤት ጥግ ይዘው እስኪበቃቸው አለቀሱ። አስተናጋጇ ደንግጣ "ምነው አባት?" ብትላቸው፣ "ተዪኝ ልጄ፣ እዚያ ተራ አልደረሰኝም" አሏት አሉ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ቸርነት ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ሲሆኑ፣ ዛሬም ሰው ሁሉ የሚመስላቸው ሪፖርት ያላስገባ ርእሰ መምህር ነው። ድምፅ ማጉያ ከእጃቸው አይለይም። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ሰው ታመመ ሲባል ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ደርሰው ዝም ማለትን ነው ያልፈጠረባቸው።

ማኅሌት ያረገዘችው እንግዲህ በእንዲህ ያለው ማኅበር መሃል ነው። መሬት አስተዳደር ቢሮ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ድንበር ስትለካ፣ "አልፎብኛል፣ አላለፍኩም" የሚል ጠብ ስትዳኝ ትውላለች። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞተውባታል። ያኔ ለማልቀስ አፏን በከፈተች ቁጥር ድምፅ ማጉያው ይቀድማት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ንግግሩ በንግግር ላይ፣ ምስጋናው በምስጋና ላይ ሲደራረብ ሐዘኑ አለቀ ተባለና ድንኳኑ ተነቀለ። የእሷ እንባ ግን ሳይፈስ ቀረ።

"ሴት ከሆነች ስሟ ጥሩነሽ ነው" አለችው ባሏን እስራኤልን። "ድግሱንም ንግግሩንም ይውሰዱት። ስሙን ግን አልሰጥም።"

"እሺ" አለ እስራኤል። እስራኤል ደግ ልጅ ነው፤ ግን እሺ የሚለው ለሁሉም ነው። ለኮሚቴውም እሺ ብሎ መጥቷል።

አንድ እሑድ ከሰዓት አቶ ቸርነትና የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ዓመለወርቅ ከነአጀንዳቸው ከተፍ አሉ። ማኅሌት ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ ሶፋው ላይ ጋለል ብላለች። አቶ ቸርነት በሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጠው ድምፅ ማጉያውን ለመክፈት ሲሞክሩ እትዬ ዓመለወርቅ በዓይናቸው ከለከሏቸው።

"ስሙን ጨርሰናል" አሉ አቶ ቸርነት።

"የማንን ስም?" አለች ማኅሌት።

"የልጁን ነዋ! አብሮነት።"

"ሴት ብትሆንስ?" አለ እስራኤል።

"አብሮነት። ለሁለቱም ይሆናል። በሙሉ ድምፅ ያለፈውም ለዚህ ነው።"

የማኅሌት ሳቅ መጣ። ሰውየው እንደማይቀልዱ ሲገባት ሳቋ ከአፏ ሳይወጣ ደረቀ። ልጅን በኮሚቴ ስም መጥራት! ነገ ሌላ ልጅ ቢመጣ "ንዑስ ኮሚቴ" ሊሉት ነው ማለት ነው።

"ጋሽ ቸርነት፣ እኔ እኮ የእናቴን ስም ነበር ያሰብኩት..."

"ልጄ፣ ይኼ የግል ጉዳይ አይደለም። ሌሎቻችን ልጆቻችንን አዝለን ነው የመጣነው፤ ሶዶ ላይ ለማኅበሩ ሲወለድ ይኼ የመጀመሪያው ነው። የማኅበሩ ልጅ ነው! ደግሞ ለስም አወጣጡ ከአዲስ አበባ እንግዶች ጋብዘናል።"

እትዬ ዓመለወርቅ ቀጠሉ። ፈረቃው ወጥቷል። ጠዋት የሚያቅፍ፣ ከሰዓት የሚያቅፍ፣ የሚያጥብ፣ አራሷን የሚያጫውት፣ ሁሉም ተመድቧል።

"እኔስ መቼ ነው የማቅፈው?" አለች ማኅሌት።

"አንቺማ እረፊ እንጂ የኔ ልጅ! ይኼ ሁሉ ሰው ያለው ላንቺ አይደል እንዴ?"

ይኼም አልበቃቸውም። በጥንቱ ሥርዓት የቤተ እስራኤል ሴት ስትወልድ ከመንደሩ ፈንጠር ወዳለች የአራስ ጎጆ ትገባለች። ዙሪያዋን ድንጋይ ይደረደራል። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ድንጋዩን ማንም አያልፍም፤ ምግብ ከድንጋዩ ውጪ ይቀመጥላትና ራሷ ታነሳለች። ያለፈ፣ የነካ ሰው እንደረከሰ ይቆጠራል፤ ታጥቦ፣ ፀሐይ እስክትገባ ከሰው ተለይቶ ይቆያል። ሶዶ ውስጥ ይኼን ያደረገ ሰው አልነበረም። አሁን ግን እንግዶቹ ባህል ማየት አለባቸው፤ ስለዚህ ማኅሌት ከሐኪም ቤት እንደወጣች ጸሎት ቤቱ ጓሮ በሚሠራ ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ!" አሉ አቶ ቸርነት። "ፎቶ፣ ንግግር፣ አለቀ። ከዚያ መኪና ይወስድሻል፤ እኛም ቤትሽ በፈረቃችን እንገባለን።"

ጎጆዋን የሠራው የጸሎት ቤቱ ጎረቤት ወላይታው ባዳቾ ነው። እንጨቱን እያሠረ "ይኼ ለማን ነው?" ብሎ ቢጠይቅ "ለወለደች ሴት" አሉት። ሥራውን አቆመ።

"ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋችም። ሥርዓት ነው።"

"እኛ ጋ ሴትዮ ሲወልድ ቅቤ እናበላዋለን እንጂ አናስወጣውም" አለና ራሱን ነቀነቀ። ለአንድ ሰዓት ፎቶ ነው ቢሉትም ሣሩን አጠጋግቶ፣ ወለሉን አድርቆ ሠራት። የሰው ልጅ የሚገባበት ቤት ማፍሰስ የለበትም ባይ ነው ባዳቾ።

ማኅሌት ኦቶና ሆስፒታል በሰላም ተገላገለች። ሴት። በሦስተኛው ቀን ልጇን አቅፋ ጎጆዋ ውስጥ ገባች። እንግዶቹ ስልካቸውን ደቅነዋል፤ ሽማግሌው ቄስ ማሞ ጥላቸውን ዘቅዝቀው ተደግፈዋል፤ ማኅበሩ ከድንጋዩ ውጪ ግጥም ብሏል። አቶ ቸርነት ድምፅ ማጉያውን ከፈቱ። አቤት ያን ዕለት የተናገሩት! ከሙሴ ጀመሩ።

"ይኼን ድንጋይ" አሉ በመጨረሻ፣ ላብ እየጠመቃቸው፣ "ይኼን ድንጋይ እስከ ሰማንያ ቀን ማንም አያልፍም! ሹምም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን! ያለፈ እስኪመሽ ርኩስ ነው! ይኼ ያባቶቻችን ሕግ ነው፣ ሶዶ ላይ አልተሻረም፣ አይሻርምም!"

እልልታው ቀለጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እትዬ ዓመለወርቅ ወደ ጎጆዋ ጎንበስ ብለው "ነይ ውጪ የኔ ልጅ፣ መኪናው ቆሟል" አሉ በለሆሳስ።

ማኅሌት ያን ጊዜ ጎጆዋ ውስጥ ጋደም ብላለች። እስራኤል ፍራሽ አስገብቶላታል። በንግግሩ መሃል ልጇ ደረቷ ላይ ተኝታ ነበር፤ እንደ ሐኪም ቤቱ ተራ ደረሰኝ ብሎ የነጠቃት ሰው የለም። ማንም ደፍሮ አልገባም። በወለደች በሦስት ቀኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ደህና አድርጋ ያየቻት እዚያች ጎጆ ውስጥ ነው። ቤቷ የሚጠብቃትን ፈረቃ አሰበችና ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት።

"ወዴት ነው የምወጣው?" አለች፣ ድምፅ ማጉያ ባይኖራትም ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ሕጉ አሁን ተነገረ አይደል?"

እትዬ ዓመለወርቅ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። እንግዶቹ መቅረጻቸውን አላቆሙም። አቶ ቸርነት ወደ ቄስ ማሞ ዞር አሉ፤ መላ ይፈልጉልኝ ማለታቸው ነው።

ቄስ ማሞ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "እንግዲህ አንተው ተናገርከው" አሉ። "ሕግ ነው።"

በማግስቱ ከአዲስ አበባ መልእክቱ ጎረፈ። ሶዶዎች የአባቶችን ሥርዓት እንዴት እንደጠበቁ! የጎንደር ሰዎች እንኳን ደወሉ። አቶ ቸርነት ምን ይበሉ? ለፎቶ ነበር አይባል። ሳምንት ሳይሞላ "እኔ ነኝ ያሳሰብኩት" ማለት ጀመሩ።

እንዲህ ሆኖ ማኅሌት ጎጆዋ ውስጥ ቀረች። ስልኳን አጠፋችው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ባዳቾ ሚስቱን አስይዞ የሚልከው የወላይታ ቅቤ ሁሉም ከድንጋዩ ውጪ ይቀመጣል፤ እሷ ወጣ ብላ ታነሳና ትመለሳለች። ሴቶቹ "እስቲ ብቅ አድርጊያት፣ እንያት" ይሏታል፤ ብቅ ታደርጋትና መልሳ ታስገባታለች። አቶ ቸርነት አንድ ቀን የአራስ ምክር የሚል ንግግር ጽፈው በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ሊያነቡላት ቆሙ። "ክቡራትና ክቡራን" ከማለታቸው የዳሞታ ተራራ ዝናብ ዱብ ዱብ አለ፤ ወረቀታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሮጡ። ማኅሌት ልጇን አቅፋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረባት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ መሰላት፤ ከዚያ ተዘረገፈ። "እማዬ" አለች፣ "እማዬ የልጅ ልጅሽን ሳታያት!" የሚያጽናናት አልነበረም፣ "በቃሽ" የሚላትም አልነበረም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እሷ በቁሟ ስትንሰቀሰቅ ቆየች። ሁለት ዓመት ሙሉ የታፈነ ሐዘን ወጣላት። ሲበቃት ፊቷን ታጥባ ልጇን አጠባች።

እስራኤል በየቀኑ ከሥራ መልስ ከድንጋዩ ማዶ ቁጭ ይላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጁን ሲያያት አንጀቱ አልቻለም።

"ካለፍኩ ምን እሆናለሁ?" አለ።

"እስኪመሽ ትረክሳለህ" አለችው ማኅሌት።

"እስኪመሽ መርከስ ምን አለበት!" ብሎ ዘለለ። ልጁን አቅፎ ዋለ። በማግስቱም፣ እሑድ፣ እንደዚሁ አደረገ። ከሰዓት የኮሚቴ ስብሰባ ነበረበትና ቢኒ ሊጠራው መጣ።

"ረክሻለሁ" አለ እስራኤል ከጎጆዋ በር ሆኖ። "ሰው መሃል መግባት አልችልም።"

ይኼ "እሺ" ብቻ የሚያውቅ ልጅ! ቢኒ ትንሽ ቆም ብሎ አሰበ። የዕለቱ አጀንዳ "የአጀንዳ አቀራረጽ ሥርዓት" የሚል ነበር። ድንጋዩን አየ። ግራ ቀኝ አየ። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ አወጣና "እኔም ረክሻለሁ፣ ንገሩልኝ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወይ ጉድ! ወሬው ተዛመተ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ በድሉ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጥተው የጫማቸውን ጫፍ ብቻ አሳለፉ። የእሑድ ስብሰባ በደረሰ ቁጥር ድንጋዩ ዳር ሰው ይሰለፍ ጀመር። ማንም አራሷን አይረብሽም፤ እግሩን አስነክቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ርኩሰቱን ይዞ ቤቱ ይገባና ከልጆቹ ጋር ይውላል። በመጨረሻ እትዬ ዓመለወርቅ እንኳ ነጠላቸው "በነፋስ" ድንጋዩን አልፎባቸው ለመቅረት ተገደዱ። አቶ ቸርነት ባዶ ወንበር ፊት ቆመው ምልዓተ ጉባኤ አለመሟላቱን በድምፅ ማጉያ አስታወቁ።

እሳቸው ግን ስሙን አልረሱም። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ትልቅ ባነር አሠርተው ጸሎት ቤቱ በር ላይ ሰቀሉ። "እንኳን ወደ ማኅበርሽ መጣሽ አብሮነት!" ይላል። ማኅሌት ከጎጆዋ በር ሆና አነበበችውና ልቧ ፍርስ አለ። ዝምታው፣ ሳቁ፣ ለቅሶው ሁሉ መልካም ነበር፤ ነገ ግን ከድንጋዩ ትወጣለች። ያን ጊዜ ማን ይሰማታል? እንግዶቹ ይቆማሉ፣ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፣ ቄሱ ስም ሲጠይቁ የእሷ አፍ እንደ ድንኳኑ ቀን ይቀደማል። ልጇ ዕድሜ ልኳን የኮሚቴ ስም ተሸክማ ልትኖር ነው። ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አነጋችው።

ነጋ። በሥርዓቱ ሴቶቹ አራሷን ወደ ወንዝ ወስደው አጥበው ያመጧታል፣ ልጅቱም ትታጠባለች፣ ከዚያ ስም ይወጣል። አቶ ቸርነት ሱፍ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው እንግዶቹን ከመኪና ተቀበሉ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲያስተካክል እሳቸው አንድ ነገር ጎደለብኝ አሉ። ሕፃኗን አቅፈው ቢነሱስ? ከመታጠቧ በፊት፣ ከነጎጆዋ፣ ከነባህሉ!

ሮጥ ሮጥ እያሉ መጡ። ድንጋዩን አለፉ። ከማኅሌት እጅ ልጅቱን መንጨቅ አድርገው አነሱና ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ።

ፎቶ አንሺው አነሳ። ከእሱ በቀር የተንቀሳቀሰ የለም።

"ቸርነት" አሉ ቄስ ማሞ በቀስታ።

አቶ ቸርነት እግራቸውን አዩ። ድንጋዩን አዩ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀለማቸው ተለወጠ።

"የረሳሁት... ለፎቶ እኮ ነው፣ ዛሬማ የመጨረሻው ቀን..."

"ገና አልታጠበችም። ሹምም ቢሆን ብለሃል። ልጅቱን ለእናቷ መልስና ታጠብ። እስኪመሽ እዚያው ቆይ ልጄ" አሉ ቄስ ማሞ። እንግዶቹ ስልካቸውን ወደ አቶ ቸርነት አዞሩ። የሶዶን ሕግ አክባሪነት ሊቀርጹ አይደል የመጡት? ሰውየው ምን አማራጭ አላቸው፤ ጎጆዋ ደጃፍ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ድምፅ ማጉያው ውጪ ቀርቷል።

ማኅሌት ከወንዝ ስትመለስ ነጭ ለብሳለች። ማኅበሩ ግቢው መሃል ከበባት። ቄስ ማሞ ጸሎታቸውን አደረሱና ሕፃኗን ተቀበሉ።

"ስሟን ማን ልበል?"

"አብሮነት!" የሚል ጩኸት ከጎጆዋ በኩል መጣ። "አብሮነት በሉ! በሙሉ ድምፅ ያለፈ ነው! ዓመለወርቅ፣ ተናገሪ እንጂ!"

እትዬ ዓመለወርቅ አፋቸውን ከፈቱ። ማኅሌትን አዩዋት፤ እናቷን መሰለቻቸው። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"ከድንጋዩ ወዲያ የሚመጣ ድምፅ እስኪመሽ አይሰማኝም" አሉ ቄስ ማሞ። "አንቺን ነው የጠየቅሁሽ።"

"ጥሩነሽ" አለች ማኅሌት።

"ጥሩነሽ!" አሉ ቄስ ማሞ። እትዬ ዓመለወርቅ እንባቸው እየወረደ እልልታውን አስነኩት፤ ግቢው ተቀበላቸው፤ ባዳቾ እንኳ በአጥሩ በኩል አብሮ ጮኸ። እልልታው በረድ ሲል ከጎጆዋ በኩል አቶ ቸርነት ከልባቸው ግራ ተጋብተው ጠየቁ።

"ጥሩነሽ ደግሞ ማናት?"

የጥሩነሽን የሕይወት ታሪክ መቃብሩ ላይ ቆመው ሰው እግሩ እስኪዝል ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ይኼን የማያስታውስ ሰው እዚያ አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር። ጋሽ በድሉ አንገታቸውን ደፉ።

ማኅሌት ተናደደች። እንዴት አትናደድ! ደሟ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ልጇን ከቄሱ ተቀብላ ወደ ድንጋዩ ሄደች፤ ልትሰድባቸው ነው ብሎ እስራኤል ከኋላዋ ሮጠ። ስትቀርብ ግን ያየችው አንድ ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌ ነው፤ እጃቸው ባዶ ሆኖባቸው ጉልበታቸውን ይዘዋል። ከድንጋዩ ውጪ ወንበር አስመጣችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"እናቴ ናት፣ ጋሽ ቸርነት" አለች። "እስኪመሽ መሄጃ የለዎትም፤ ልንገርዎት።"

ነገረቻቸው። እናቷ ጎንደር ሸክላ ሠርተው እንዳሳደጓት፣ ባጃጅ ፈርተው ሶዶን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይሄዱ እንደነበር፣ ወላይትኛ ሳይችሉ ገበያ ላይ ሴቶቹን እንዴት ያስቁ እንደነበር፣ ሲናደዱ የታጠበውን ዕቃ መልሰው ያጥቡ እንደነበር፣ ሊሞቱ ሲሉ "ድንኳን አታብዙ" እንዳሏት። አቶ ቸርነት ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ይኼ እንግዲህ የሚያስተምረን..."

"ገና አልጨረስኩም" አለች ማኅሌት።

አቶ ቸርነት አፋቸውን ዘጉ። እሷም ቀጠለች።